የአባቴ ጋቢና የተከራያችን ዝንቦች

ሌላውን ሰው ዝንብ የሚወረው ከሞተ በኋላ ነው፤ አባቴን ግን በቁሙ ነበር የሚወረው። የማወራው ሻይ ውስጥ ገብታ ስለምትሞተው ተራ ዝንብ አይደለም፤ እሷማ ማንን ትምራለች! የማወራው ከብት በረት ስለምትውለው ተናካሽ ዝንብ ነው። ስታያት ከቤት ዝንብ አትለያትም፤ ቁርጭምጭሚትህ ላይ ስታርፍ ግን በካልሲህ አልፋ መርፌዋን ትሰካብህና ከወንበርህ ታስነሣሃለች። አምቦ ውስጥ ጥጃ ያሰረ ሁሉ ያውቃታል። እኛም ሁለት የወተት ላሞች ስለነበሩን ዝንቡ ከግቢያችን ጠፍቶ አያውቅም። በረንዳ ላይ አባዬ፣ እማዬና እኔ ብቸኛ ልጃቸው ተደርድረን ስንቀመጥ ታዲያ፣ ሁለታችንን ዘለው የሚያርፉት እሱ እግር ላይ ብቻ ነበር።

ለምን እሱን ብቻ? እማዬ "ደሙ ጣፋጭ ነው" ትላለች። የአባዬ ታላቅ እህት፣ ጊንጪ የምትኖረው አክስቴ ደግሞ "ዓይን ነው" ትላለች፤ አክስቴ የመኪና ጎማ ቢተነፍስም ዓይን ነው ባይ ናት። እሱ ራሱ ግን ነገሩን እንደ ሹመት ነበር የያዘው። "ዝንብ እንኳ ሰው ታውቃለች!" እያለ እግሩን ያክካል። ያልሞከረው መድኃኒት የለም። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ ተቀባ፤ እኛ ሸሸን፣ ዝንቦቹ ቀሩ። ላምባ ተቀባ፤ እማዬ ክብሪት ይዛ በአጠገቡ ማለፍ ፈራች። አንድ ቅዳሜ ፍልውኃ ገብቶ ግማሽ ቀን ተዘፍዝፎ ጣቱ እስኪጨማደድ ቆይቶ መጣ። በማግስቱ ጭራሽ ባሰበት። እማዬ "አጥበህ አቀረብክላቸው፣ ምን ያድርጉ?" አለችው።

ሥራው የከብት ንግድ ነበር፤ ከአምቦ ካቺሲ፣ ከካቺሲ ጊንጪ፣ ገበያ ለገበያ ሲዞር ነው የኖረው። ገበያ ላይ ዝንቡ ከብቱን ትቶ ወደ እሱ ስለሚሄድ፣ አጠገቡ የቆመ በሬ ጅራቱን ሳያወናጭፍ፣ እግሩን ሳይመታ፣ ጨዋ ሆኖ ይታያል። ገዢ ደግሞ ጨዋ በሬ ይወዳል። ይህን የደረሱበት የካቺሲ ነጋዴዎች ገና ከመኪና ሲወርድ "ኮታ! ኮታ! ይምጡ፣ እዚህ ጋ ይቁሙ!" እያሉ ይሻሙበት ነበር። አንድ ጊዜ አብሬው ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ ሰውዬ በሬውን እየጎተተ ከኋላው ከኋላው ይከተለዋል፤ አባዬ ሲዞር ይዞራል፣ ሲቆም ይቆማል። አባዬ በመጨረሻ "የምትሸጠው አንተ፣ የምነከሰው እኔ!" ብሎ ጮኸበት። ጮኸ እንጂ አልሸሸም፤ ሰው ሲፈልገው ደስ ይለው ነበር።

ሰፈራችንም ያው ነው። ድግስ ኖሮ ድንኳን ሲጣል "ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ" ተብሎ ሁልጊዜ የሚሰጠው በበረቱ በኩል ያለው የዳር ወንበር ነበር። እሱ ለሽበቴ ነው ብሎ ያስባል፤ ጎረቤቱ ደግሞ እግሩን ዘርግቶ በሰላም ይበላል። አንድ ቀን ልነግረው አፌን ስከፍት እማዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። "ተይው፣ ወንበር ሰጥተውት ደስ ብሎታል" አለችኝ በጆሮዬ።

ስለ ራሴም ትንሽ ልናገር። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ አላገባሁም፣ ለሽቶ ደግሞ ሟች ነኝ። የምገዛው ከጎረቤታችን ሱቅ ነው። ባለሱቁ ከስልጤ የመጡ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው፤ ጠርሙሱን ሲሰጡኝ "ቀስ እያልሽ ልጄ፣ ይኼ እኮ ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃል" ይሉኛል። እኔ የት ሰምቼ! ጠዋት ተቀብቼ በረንዳው ላይ ሳልፍ አባዬ ያስነጥሳል። "ይቺ ልጅ ሱቅ ሱቅ ትሸታለች፣ ሰው ሰው አትሸትም" ይል ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጊንጪ ገበያ ሲመለስ ደረቱን ያዘው። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድነው፤ በእግሩ ገብቶ በሳጥን ወጣ። እዚህ ላይ የምጨምረው ነገር የለኝም። ሳጥኑ ግቢያችን ድንኳን ሥር ሲቀመጥ፣ ስትጮህ የነበረችው እማዬ ድንገት ወደ ሳጥኑ ጠጋ አለች። ጣቷን ቀስራ "እዩ፣ አንድም አላረፈችበትም" አለች። እውነቷን ነው። በረቱ እዚያው ጥግ ነው፣ ግቢው በዝንብ ተሞልቷል፣ ሳጥኑ ላይ ግን አንድም የለም። "አወቁ" አለች። የምር ያለቀሰችው ከዚያ በኋላ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ዝንቦቹ እኔን ያዙኝ። ጥቁር ለብሼ፣ ጸጉሬን በሻሽ ሸፍኜ፣ ሽቶዬን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፌ ለቀስተኛ መሃል ተቀምጫለሁ፤ በሐዘን ቤት ሽቶ የተቀባች ሴት ምን እንደምትባል የታወቀ ነው። ሰው እያለቀሰ እኔ እግሬን አክካለሁ። አክስቴ ከወዲያ ሆና "አልቅሺ እንጂ አትከኪ!" ትለኛለች። አባዬ አጥራችን ነበር፣ አጥሩ ሲፈርስ ገቡብን ብዬ ደመደምኩ። ታዲያ እማዬን ለምን አይነኳትም? እሱን አልጠየቅሁም፤ ሐዘን ላይ ተቀምጦ ማን ይመራመራል!

አሁን ወደ ጋቢው ልምጣ። በእኛ ቤት ወግ የሟች ልብስ ሳይታጠብ አርባው አያልፍም፤ ታጥቦ ለነዳያን ወይም ለንስሐ አባት ይሰጣል። አርባው ሲቃረብ አክስቴ ከጊንጪ መጥታ ኮቱን፣ ሱሪውን፣ ሹራቡን ሁሉ ሰበሰበች። ጋቢው ግን የለም። ለካ እማዬ ያቺን የመጨረሻ ሳምንት ሲደርባት የነበረውን ጋቢ በፌስታል ጠቅልላ፣ አጥብቃ ቋጥራ፣ ሳጥኗ ሥር ደብቃት ኖሯል። ብቻዋን የሆነች ሲመስላት ቋጠሮውን በጥቂቱ ትፈታለች፣ አፍንጫዋን ታስገባለች፣ ቶሎ ብላ መልሳ ትቋጥራለች። ሁለት ቀን በበሩ ቀዳዳ አይቻት አላየሁም ብዬ አልፌያለሁ።

አክስቴ ግን የምታልፍ ሴት አይደለችም።

"ጋቢውስ?" አለቻት።

"ጋቢው ይቆያል።"

"ምን ሊሆን? ያልታጠበ የሟች ልብስ ቤት ውስጥ አስቀምጠሽ ነፍሱ እንዴት ትረፍ?"

"በሕይወቱም አርፎ አያውቅም" አለች እማዬ። ከዚያ ድምጿ ወረደ። "ሽታው አለበት። እንዳያልቅ ቀስ እያልኩ ነው የማሸተው።"

"ያ ዋቅ፣ አምላኬ!" አለች አክስቴ። "ሽታ እንደ ዘይት ይቆጠባል እንዴ?"

ፌስታሉ ተፈታ። አክስቴ አሸተተች፤ "ፌስታል ፌስታል ነው የሚለው" አለች። ለእኔ ተሰጠኝ። እንዴት አድርጌ እንደሳብኩት! እግዜር ያሳያችሁ፣ ፌስታልና ትንሽ ናፍታሊን እንጂ ምንም አልሸተተኝም። እማዬ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ ምን እንደምል ጨነቀኝና "ጉንፋን ይዞኛል" አልኩ።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!" አክስቴ ተነሣች። "ነገ ሰው ሲሰበሰብ ምን ሊባል ነው? የባሏን ልብስ ሰስታ አስቀረች ሊሉሽ?"

እማዬ ይህችን ፈራች። የሰው አፍ አንገቷን ሲያስደፋት አየሁ። ጋቢውን እቅፏ ውስጥ አድርጋ "እሺ፣ እንስማማ" አለች። "ሽታው ከሌለበት ወስደሽ እጠቢው። ካለበት ግን እኔ እስክሞት እዚህ ቤት ይቀመጣል፣ ሁለተኛ አታነሺብኝም።"

"እሺ። ማን ሊፈርድ?"

እማዬ በመስኮቱ ወደ ሰርቪስ ቤታችን አገጯን አነሣች።

ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ የካቺሲ ልጅ የሆነ ተከራይ ነበረን፤ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሱን ይሠራል። የመመረቂያ ጥናቱ፣ ካላመናችሁኝ ምን ላድርግ፣ ተናካሽ ዝንብን የየትኛው ሰው ሽታ ይበልጥ ይስባታል የሚል ነው። ገና ሲያስበው ዓይኑን የጣለው አባዬ ላይ ነበር። ፕሮፖዛሉ እስኪጸድቅ አባዬ ሞተበት። በለቅሶው ከእኛ እኩል ሲነፋረቅ የነበረው ግማሹ ለጥናቱ ይሁን ለአባዬ እስካሁን አላወቅሁም፤ ብቻ ከልቡ ነበር።

ምን ይሁን እንግዲህ፣ በአንድ ሰው ምትክ ሰፈሩን ሁሉ ሊይዝ ተነሣ። ቤት ለቤት ዞሮ አንድ ሌሊት የተኙበትን፣ ያልታጠበ ካናቴራ እንዲሰጡት ለመነ። እኔንም ጠይቆኝ ነበር፤ "ሐዘንተኛ ነኝ፣ ተወኝ" ብዬ አባረርኩት። ሌላው ሰው እሺ አለ። በማግስቱ የመጣውን ካናቴራ ብታዩ! ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ ታጥፏል። ባለሱቁ ጀለቢያቸውን ሽቶ ረጭተው ነው የላኩት። አንዷ ጎረቤታችን ጭራሽ አዲስ ገዝታ ከነምልክቱ ላከች። "ላብ ያለበት ነው ያልኩት እኮ!" ሲላት፣ "ያላጠብኩትን ልብስ ከቤቴ አውጥቼ ለዩኒቨርሲቲ ልላክ? አማካሪህ የማን ነው ብሎ ቢጠይቅስ?" አለችው። መቼም በእኛ ሰፈር ቆሻሻ ልብስ ለሰው መስጠትና ቆሻሻ ስም ማትረፍ አንድ ናቸው። በመጨረሻ የራሱን ካናቴራ ለሙከራ ብሎ በሩ ላይ ቢሰቅላት፣ እማዬ "የሰው አገር ልጅ ቆሽሾ" ብላ አጠበችለት። ለሙከራ የያዛቸው ዝንቦች ሳሙና በሚሸት ልብስ መሃል ተቀምጠው እጃቸውን ሲያሻሹ ዋሉ። አማካሪው "የምታጠናው ሳሙና ነው እንዴ?" እንዳለው ነገረኝ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

እማዬ እንግዲህ ዳኛ አድርጋ የመረጠችው እነዚህን ዝንቦች ነው።

"አብደሻል!" አለቻት አክስቴ።

"አላበድኩም። እኔ አብሬው ኖሬያለሁ። አንቺ አብረሽው አድገሻል። እነሱ ግን በልተውታል። ከሁላችንም የሚያውቁት እነሱ ናቸው።"

አክስቴም ተስማማች።

የአርባው ዋዜማ፣ ቀትር ላይ፣ ተከራያችን ዝንቦቹን የሚፈትንበትን ሳጥን በረንዳ ላይ አወጣው። ከእንጨትና ከአጎበር ጨርቅ የሠራው ሳጥን ነው፤ ግራና ቀኙ እንደ እጅጌ የተሰፋ ኪስ አለው፣ ልብሱ እዚያ ይገባል። ዝንቦቹን ከእኛው በረት ነው የሚይዛቸው። በግራ የአባዬ ጋቢ ገባ፣ በቀኝ ደግሞ የአክስቴ ንጹሕ ጋቢ። ልጁ "ሀርሜ፣ እናቴ፣ ይኼ ለጥናት እንጂ ለእንዲህ ያለ ነገር…" ሲል እማዬ "አንተ ሥራህን ሥራ" አለችው። ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። እማዬ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ልክ ቤተ ክርስቲያን እንደምትቆመው ቆመች። ለዝንብ ሲጸለይ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እኔ በረት ስጠርግ ቆይቼ ገና መጥረጊያውን ማስቀመጤ ነበር። ክንዴን ሳጥኑ ላይ አስደግፌ ማየት ጀመርኩ።

ጋቢው በኩል አንዲት ዝንብ ሄደች። እማዬ ትንፋሿን ዋጠች። ዝንቧ ዞር ዞር አለችና ተመለሰች። ሌላ ሄደች፣ ተመለሰች። ያች ሙግት የገጠመችው አክስቴ እንኳ ጎንበስ ብላ "ግቢ እንጂ! ግቢ አንቺ ምናምንቴ!" እያለች ዝንቧን ትቆጣለች። ወንድሟ አይደል! ማሸነፏን ትታ አብራን ትለምን ጀመር። ግን አንድም አልገባችም። ዝንቦቹ ሁሉ ከጋቢዎቹ ርቀው የሳጥኑ ፊት ለፊት አጎበር ላይ ተለጥፈው ቀሩ። እማዬ ፊቷ ቀስ እያለ ሲወድቅ አየሁት፤ ያኔ ሳጥኑን በእርግጫ ብዬ ብሰብረው ደስታዬ ነበር።

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ "እባክሽ ዞር በይልኝ፣ እያበላሸሽብኝ ነው" አለ።

"ምን አደረግሁህ?"

"አንቺ ባለሽበት ነው የተሰበሰቡት።"

ዝቅ ብዬ ባይ እውነትም ክንዴ ያረፈበት ቦታ ጠቁሯል። ወደ ቀኝ ሄድኩ። ተነሡና ወደ ቀኝ መጡ። ወደ ግራ፣ ጋቢው ወዳለበት ሄድኩ። ጋቢውን አልፈው እኔ ጋ ተለጠፉ።

"ቁሚ" አለች እማዬ። ድምጿ ሌላ ነበር። "እስቲ ዙሪ።"

"እማዬ፣ ምን ልሁን ብዬ ነው የምዞረው?"

"ዙሪ አልኩሽ!"

ዞርኩ። እኔ ከውጭ፣ ዝንቦቹ ከውስጥ፣ ሳጥኑን እንደ ታቦት ከበብነው። የካቺሲው ሰውዬና በሬው ትዝ አሉኝና ሳቄ መጣ። አንዷ በቀዳዳ አምልጣ ቁርጭምጭሚቴን ስትወጋኝ "ወይኔ!" ብዬ ዘለልኩ። ልጁ ስልኩን ሊጥል ምንም አልቀረውም፤ "አባትሽ ናቸው እኮ! ቁርጥ እሳቸው!" እያለ ይጮኻል። እንዲህ ያለ ሽታ ከወላጅ ሊወረስ እንደሚችል አንብቤያለሁ አለ፤ ቀጥሎም ሽቶ ስታቆሚ ነው የወጣው፣ እስከ ዛሬ ሸፍነሽው ነው፣ ከአንድ ሰው ተነሥቶ እንዲህ ነው ባይባልም ብሎ ብዙ ለፈለፈ። እሱ ሲለፈልፍ እማዬ ወደ እኔ መጣች።

ሻሼን ከአንገቴ ላይ ገፋ አደረገችው።

"እማዬ ተይ፣ በረት ስጠርግ ነበር፣ እሸታለሁ።"

"ዝም በይ።"

ከጆሮዬ ሥር አፍንጫዋን አስገባች። ፌስታሉን ስታሸት ቶሎ ነበር የምትዘጋው፤ አሁን ግን አልቸኮለችም። ትንፋሿ አንገቴን ሲያሞቀው፣ ከዚያ እንባዋ ሲያረጥበኝ ተሰማኝ። ብዙ ቆየችና "አለ" አለች።

አክስቴ ገፍታን መጣችና በሌላው ጆሮዬ በኩል አሸተተችኝ። "በስመአብ! ወንድሜን!" ብላ ደረቷን መታች። አስቡት እንግዲህ፣ ላላገባች ሴት በቀትር፣ በተከራይ ፊት፣ "የከብት ነጋዴ ትሸቻለሽ" ተብሎ ሲመሰከርላት! ልስቅ ብዬ አፌን ስከፍት የወጣው ልቅሶ ነው። በድንኳኑ፣ በለቀስተኛው መሃል አልወጣ ያለኝ ልቅሶ እዚያ ሳጥን አጠገብ ወጣ። ሦስታችንም ተያይዘን አለቀስን።

እማዬ ዓይኗን ጠርጋ ጋቢውን ከኪሱ ሳበችው። አላሸተተችውም። ለአክስቴ ዘረጋችላት።

"እጠቢው።"

አክስቴ ጋቢውን ታቅፋ ቆመች። "ይቆይ ካልሽ… እኔ እንኳ ሰው ምን ይላል ብዬ ነው እንጂ…"

"እጠቢው። ለሚበርደው ሰው ይሁን።"

በማግስቱ አርባው ወጣ፤ ጋቢው ታጥቦ ሄደ። ደጀ ሰላም የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው የደረቡት። ተከራያችንም የኋላ ኋላ ተመረቀ። ካናቴራዬን ለጥናቱ አልሰጥም ብዬ ብዙ ተግደርድሬ ነበር፤ እማዬ ሰጠችብኝ፣ ያውም ሳታጥበው።

ትምህርት ቤት በምመለስበት ሰኞ ጠዋት ሻሼን አውልቄ፣ ጸጉሬን አበጥሬ፣ ቁምሳጥኑን ከፍቼ የሽቶ ጠርሙሴን አወጣሁ። ክዳኑን ስፈታ እማዬ በረንዳው ላይ፣ በአባዬ ወንበር ላይ ተቀምጣ በመስኮቱ ታየኛለች።

"ልጄ" አለችኝ፣ "ዛሬ እንኳ አትቀቢው።"

ጠርሙሱን መልሼ ቆለፍኩበት። ሁለት ካልሲ ደርቤ ወጣሁና ደወሉ እስኪደርስ አጠገቧ ተቀመጥኩ።